ታች ስክሪን ሁሉ ለስዕል አይሆንም

ልጁ ለስዕል ምን ዓይነት ታብሌት ልግዛ ብሎ ሲጠይቅ «ታች ስክሪን ከሆነ በቃ፣ እስክሪብቶውን ፒያሳ በርካሽ ታገኛለህ» ብለህ የመለስክለት ልክ አይደለም፣ ወንድሜ። ያ የጎማ ጫፍ ያለው እስክሪብቶ የሚሠራው የጣትን ሥራ ብቻ ነው። ጫን ብትለው መስመሩ አይወፍርም። መዳፍህን ስክሪኑ ላይ ስታሳርፍም ያልፈለግከውን ይጭራል። ግፊት የሚለካው ታብሌቱ ራሱ ለእስክሪብቶ ተብሎ ሲሠራ ነው። የአፕል ኩባንያ እስክሪብቶ እንኳ በራሱ ታብሌቶች፣ በሁሉም አይፓድ ላይ አይሠራም።

ልጁ የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ መላእክት መሣል ነው የሚፈልገው። የእነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ቅንድብ ቀጥኖ ጀምሮ ካልወፈረለት ምኑን ሣለው? ሳይከፍል በፊት ሱቁ ውስጥ ቀስ ብሎ ሰያፍ መስመር ያስምር፤ መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ይተወው። ኮምፒውተር ካለው ግን ከእሱ ጋር የሚያያዝ፣ ስክሪን የሌለው የስዕል ሰሌዳ ይበቃዋል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል።