ስራህን ትወደዋለህ? ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል

ጅማ ውስጥ ሰው ስራውን ይወደው እንደሆነ በቀጥታ ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። "ስራ እንዴት ነው?" ስትሉት መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፣ "ኧረ ተወኝ"፣ "ያው እንገፋለን"፣ "የቱን ስራ ብለህ ነው"፣ ሰውየው ረጋ ያለ ከሆነ ደግሞ "አልሃምዱሊላህ፣ አለን"። "ስራዬን በጣም ነው የምወደው" የሚል ሰው ከሰማችሁ ወይ ትናንት የተቀጠረ ነው ወይ አለቃው ከኋላው ቆሟል። እኔ አልፈርድበትም፣ ስራዬ ተመችቶኛል ማለት እዚህ አገር አደጋ አለው። መጀመሪያ ነገር ዓይን የሚባል ነገር አለ፣ "ማሻአላህ" ሳይል የሰማህ ሰው ካለ በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ይደርስሃል። ደግሞስ ተመቸው ከተባልክ አበዳሪ ሆንክ ማለት ነው፣ የአክስትህ ልጅ ከአጋሮ ሻንጣውን ይዞ ይመጣና "እዛው አንተ ጋር አስገባኝ" ብሎ ሶፋህ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሰው ብልጥ ነው፣ ያማርራል። ማማረር የመስሪያ ቤት መዋጮ ነው በቃ፣ ሻይ ላይ ሁሉም የድርሻውን ሲያዋጣ አንተ ዝም ካልክ የአለቃ ጆሮ ነህ ተብለህ ብቻህን ነው የምትጠጣው።

በጥናት አረጋግጡልኝ ካላችሁ ደግሞ ትክክለኛው ከተማ ነው የመጣችሁት። የጅማን ህዝብ ያህል መጠይቅ የሞላ ህዝብ አለ ብዬ አላምንም። ዩኒቨርሲቲው በ1999 እ.ኤ.አ. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሰረት ተማሪው ማህበረሰብ ውስጥ ገብቶ ይማር የሚል መንገድ ይዞ ነው የተነሳው፣ እና ተማሪው ገባ፣ እንደገባ ነው። ቆጪ ሰፈር አንድ እናት ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ በር ሲያንኳኳባቸው "ልጄ፣ መልሱን አምና ለመጣው ልጅ ነግሬዋለሁ፣ እሱን ጠይቀው፣ አንተ ግባና ቡና ጠጣ" ብለውታል ሲባል ሰምቻለሁ።

ከነዚህ ጥናቶች አንዱ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፣ የዩኒቨርሲቲውን ሆስፒታል የጤና ባለሙያዎች ስራችሁ ያረካችኋል ወይ ብሎ ጠይቆ 46.2 በመቶው አልረካንም፣ 41.4 በመቶው ረክተናል አሉ። ደምሩት እስቲ፣ መቶ አይሞላም። እኔ የቀሩት ትክክለኛ የጅማ ልጆች ናቸው ባይ ነኝ፣ ፎርም ላይ ሚስጥር አያወጡም። ያልረኩት ያነሱት ነገር የታወቀ ነው፣ ማበረታቻ የለም፣ ደሞዝ አይበቃም፣ ስልጠና የለም፣ ሰው አንሶናል። የረኩት ግን ዋናው ምክንያታቸው ሰው መርዳታችን ነው አሉ። ልብ በሉ፣ አንዱ ስለ ደሞዝ ሲያወራ ሌላው ስለ በሽተኛ ነው የሚያወራው፣ የሚጨቃጨቁ ይመስላሉ እንጂ ስለ አንድ ነገር እንኳን እያወሩ አይደለም።

ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ይሄንኑ በ1959 እ.ኤ.አ. ብሎት ነበር። ፒትስበርግ አካባቢ ሁለት መቶ የሚሆኑ ኢንጂነርና አካውንታንቶችን ጠይቆ ያገኘው ነገር ሰውን ስራ የሚያስጠሉት ነገሮችና ስራ የሚያስወድዱት ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ነው፣ ደሞዝ፣ አለቃ፣ የመስሪያ ቤቱ ህግ ሲበላሹ ያናድዳሉ፣ ሲስተካከሉ ግን ንዴቱ ይቆማል እንጂ ፍቅር አይመጣም፣ ፍቅር የሚመጣው አንድ ነገር ሰርተህ ስትጨርስና ሰው አይቶ ሲያውቅልህ ነው። ይሄን ለመስሪያ ቤታችን ሰዎች ባወራላቸው ሊደበድቡኝ ይችላሉ፣ "ደሞዝ አያስደስትም ያለው ማነው? አንድ ጊዜ ይጨመርልንና እንየው!" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ችግሩ ጭማሪው እኛ ጋር ሳይደርስ አከራዮቻችን ጋር ነው የሚደርሰው። ዜናው ማታ በቴሌቪዥን ይነገራል፣ ጠዋት አከራይህ ግቢ ውስጥ ጥርሷን እየፋቀች "እንኳን ደስ አለህ" ትልሃለች፣ እሷ እንኳን ደስ አለህ ካለች በቃ አልቋል።

የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ስራውን እንዲህ የሚጠላ ህዝብ እንዴት ነው ስራ ወዳድ የሆነው? ምክንያቱም ዙሪያዬን ስመለከት ሁሉም እየሮጠ ነው፣ ላቡ ጠብ እያለ ነው፣ ግን የተቀጠረበትን አይደለም የሚሰራው። እስካሁን የደረስኩበት ይሄ ነው፣ ሰው የተቀጠረበትን ስራ ይጠላል፣ ያልተቀጠረበትን ግን በፍቅር ይሰራል።

ጥበቃውን ውሰዱ። የተቀጠረው ቦርሳ ሊፈትሽ ነው፣ ቦርሳውን ግን በጣቱ ነካ አድርጎ "እለፍ" ነው የሚልህ፣ በጦር መሳሪያ ፋንታ ምሳ ዕቃ እንደያዝክ ያውቃል። እውነተኛው ስራው የሚጀምረው ከዛ በኋላ ነው። "ማንን ነው የፈለግከው? እሱ ዛሬ የለም፣ ስልጠና ሄዷል፣ ሐሙስ ና፣ ሐሙስም ቢሆን ጠዋት እንዳትመጣ፣ የገበያ ቀን ነው ሂርማታ ይወርዳል፣ ከሰዓት ና፣ ስትመጣ ፎቶ ኮፒውን ሁለት አድርገህ ያዝ፣ አንድ ይበቃል የምትልህን ልጅ እንዳትሰማት።" ይሄ ሁሉ በነፃ ነው። ውስጥ ገብታችሁ ኢንፎርሜሽን የሚል የተለጠፈበት ክፍል ስትሄዱ ደግሞ ወንበር ላይ ኮት አለ፣ ኮቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ በስራ ገበታው ላይ ነው፣ ባለቤቱን ያየው የለም። ለማን ነበር መከፈል ያለበት?

ባጃጅ ሹፌሩም ያው ነው። ከአጂፕ መርካቶ አድርሰኝ ብላችሁ ተሳፈሩ፣ መንዳቱን የሚጠላው መሆኑን በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይነግራችኋል፣ ነዳጁ፣ ሰልፉ፣ ትራፊኩ፣ ዝናቡ። ጅማ አባ ጅፋር የሚል ቃል ከአፋችሁ ካመለጠ ግን አለቀ፣ በ2010 ዓ.ም. ክለቡ ገና ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት እንዴት ዋንጫውን እንዳነሳ በሁለት እጁ እያሳየ (መሪውን ማን እንደያዘው እንጃ) ይተነትንላችኋል፣ መውረጃችሁን አልፎ ይሄዳል፣ ለትንተናው ሂሳብ አይጠይቅም፣ እንደውም "ተመለስ" ስትሉት ደስ ብሎት ነው የሚመለሰው፣ ሁለተኛው አርባ አምስት ደቂቃ ስለሚቀረው።

የዚህ ሁሉ ንጉስ ግን የሰፈራችን የዕድር ፀሐፊ ነው። ቀን ቀን አንድ መስሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሰራል። ፋይል ስትጠይቁት መጀመሪያ ቀና ብሎ ያያችኋል፣ ቀጥሎ መደርደሪያውን ያያል፣ ቀጥሎ ሰዓቱን ያያል፣ እና "ነገ ና" ይላል፣ በዚህ መሃል ከወንበሩ አልተነሳም። ፋይሉ ከጀርባው ነው፣ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል፣ ግን አይዘረጋም። እኔ ሰውየውን በዚህ ብቻ ባውቀው ኖሮ ሰነፍ ነው ብዬ በማልኩ ነበር።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ነው ሰውየውን ማየት። ዝናብ እየጣለ ነው፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ሲጀምር የሚያቆምበትን አይናገርም። እሱ ጃኬቱን በፌስታል ሸፍኖ፣ ባትሪ በአፉ ይዞ፣ የድንኳኑን ብረት እየቆጠረ ነው፣ አንዱን ወጣት አግዳሚ ያሸክማል፣ ሌላውን ብረት ድስት ያስጭናል፣ "እትዬ፣ ውሃ የሚቀዱ ልጆች ልኬያለሁ፣ እርስዎ ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጡ" ይላል፣ ሟቹን ሊያጥቡ የሚመጡትን በስልክ ይጠራል፣ በየትኛው በር እንደሚገቡ ይነግራቸዋል። ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ቆሟል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ቡናው ተጥዷል። ደብተሩ ደግሞ! ማን መቼ ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ዘግይቶ መጥቶ ተቀጣ፣ የዛሬ አስራ አምስት ዓመት የጠፋ ብርጭቆ በማን እጅ እንደነበር ሳይቀር ከነቀኑ አለ። ፋይል ለማውጣት ወር የሚፈጅበት ሰውዬ እኮ ነው! ከዕድሩ ላይ አበል የለው፣ ለጡረታ 7 በመቶ አይቆረጥለት፣ 11 በመቶ የሚጨምርለት አሰሪ የለው፣ የዓመት ፈቃድ የለው፣ ሞት ፈቃድ አይሰጥማ።

አንድ ቀን ጋሼ ልዩነቱ ምንድነው፣ ቢሮም መዝገብ ነው እዚህም መዝገብ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና "እዛ ፋይሉ ከኔ ወጥቶ የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ተመልሶ ሲመጣም ምን ሆኖ እንደመጣ አላውቅም፣ እዚህ ድንኳኑ ሲቆም አየዋለሁ፣ ደግሞ ካልመጣሁ እዚህ ሰው ይፈልገኛል፣ እዛ ብቀር ወንበሩ ላይ ኮቴ ይበቃል" አለኝ። ኸርዝበርግ ፒትስበርግ ድረስ ምን አደከመው?

በነገራችን ላይ ኤሚ ረዝነስኪና ጄን ደተን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ ሆስፒታል ፅዳት ሰራተኞች ፅፈዋል። ደሞዛቸው አንድ፣ መጥረጊያቸው አንድ፣ ግን አንዳንዶቹ እኛ ወለል ነው የምንጠርገው ሲሉ ሌሎቹ በሽተኛው እንዲድን እያገዝን ነው ብለው ያምናሉ፣ ያናግሩታል፣ ቤተሰቡን መንገድ ያሳያሉ፣ እነዚህኞቹ ስራቸውን ይወዱታል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ራሳቸው ናቸው ስራውን ያሰፉት። የኛ ጥበቃም ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፣ የሚፅፍለት አጣ እንጂ።

መንግስትም ድርጅቶችም ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም መሰለኝ፣ "የስራ ተነሳሽነት" የሚባል ስልጠና ያዘጋጃሉ። ሆቴል አዳራሽ፣ ሶስት ቀን፣ ውሃ በፕላስቲክ፣ ብሎክ ኖትና እስክርቢቶ። አሰልጣኙ "እስቲ ስራውን የሚወድ እጁን ያውጣ" ይላል፣ ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። ከሰዓት እንቅልፍ ይመጣል፣ ኢነርጃይዘር ተብሎ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ቆሞ እንዲያጨበጭብ ይደረጋል። በሶስተኛው ቀን የአበል ፊርማ ወረቀት ሲገባ ግን ያለ ምንም ኢነርጃይዘር አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ተነሳሽነት ማለት ይሄ ካልሆነ ሌላ ምንድነው?

ስራን በነፃነት መውደድ የሚቻልበት አንድ ሰዓት አለ፣ እሱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው። ጠዋት አንዲት ደብዳቤ መፃፍ ያቃተው ሰውዬ ምርቃና ላይ ቡና ማጠቢያ ይተክላል፣ ኤክስፖርት ያደርጋል፣ ጅሬን ላይ ሎጅ ይሰራል፣ ሁላችንንም በጥሩ ደሞዝ ይቀጥረናል። እኔ ራሴ በንዲህ ዓይነት ከሰዓት የማርኬቲንግ ሃላፊ ሆኜ አውቃለሁ። ማታ በጨብሲ ድርጅቱ ይፈርሳል፣ ጠዋት ሁሉም ወደ ማማረሩ ይመለሳል።

ብዙዎቻችን ደግሞ ስራችንን መርጠን አይደለም፣ ምደባ ነው። ህክምና ብሎ የሞላው ስታትስቲክስ ይደርሰዋል፣ ስታትስቲክስ ያለው ስነ እንስሳት፣ ከዛ ማስታወቂያ ላይ "ተዛማጅ" በምትል ቃል ተንጠልጥሎ ግዢ ክፍል ይገባል። ቡና ለቀማ መጋዘን የሚሰሩ ሴቶችም መርጠው አይደለም፣ የሚከፈላቸው በለቀሙት ልክ ነው፣ ወገብ ይቆርጣል፣ አቧራው አለ። ስራ ክቡር ነው ብዬ ብሰብክላቸው ፍሬውን ይወረውሩብኛል። ግን በዛ መጋዘን ስታልፉ የሚሰማው ሳቅ የየትኛውም ቢሮ ኮሪደር ላይ የለም። አንዷን ስራው ይወደዳል ወይ ስላት "ስራው ነው? ስራውንማ ማን ይወደዋል፣ ቤት ብውል ግን ወሬው ያመልጠኛል" ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው፣ እኔ ላይ ነው የሳቁት መሰለኝ።

ወደ ዕድራችን ልመልሳችሁና፣ አምና ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ የተማረ ሰው ተነሳና "ይሄ ፀሐፊያችን በነፃ መልፋቱ ልክ አይደለም፣ ማበረታቻ ያስፈልገዋል" አለ። አጨበጨብን። በየወሩ ትንሽ ብር እንዲከፈለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ "የስራ መደብ" የሚል ተፃፈ፣ የስራ ሰዓትም ተቀመጠለት፣ ሰውየውም እየተቅለሰለሰ ፈረመ። ለሁለት ወር ደህና ነበር። በሶስተኛው የደብተሩ መልስ "ነገ" ሆነ። ከዛ ብሩ አነሰኝ አለ፣ ከጎረቤት ዕድር ጋር አወዳድሮ። ባለፈው እሁድ ሰፈር ውስጥ ሰው አርፎ ድንኳን ልንጠይቅ ስንደውልለት በሶስተኛው ጥሪ አነሳና "እሁድ እኮ ነው ወንድሜ፣ ለማንኛውም ጥያቄያችሁን በደብዳቤ አድርጉትና ሰኞ ከሻይ በኋላ ኑ" አለን።