17ኛ የወጣ ሰው ያያችሁ

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ለቅሶ ቤት ሄድን። ድንኳኑ ሞልቷል። የሟች ወንድም ዓይናቸው ደም መስሎ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ልጄን ይዤ ጠጋ አልኩና «እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። የልጄን አገጭ ያዝ አድርገው «ጎሽ! ስንተኛ ወጣህ?» አሉት።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። መዋሸት ገና አልተማረም፤ የዩኬጂ ትምህርት ውስጥ የለም። «14ኛ» አላቸው።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጥግ ላይ ካርታ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ቀና አሉ። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። የሟች ወንድም እጄን ጥብቅ አድርገው ጨበጡኝና «አይዞህ፣ ያለ ነው» አሉኝ። ላጽናና ሄጄ ተጽናንቼ ተመለስኩ።

ይሄን ጥያቄያችንን የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ። ልጅ ያስጨንቃል ይላሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ውለታ የዋለልን ጥያቄ የለም ባይ ነኝ። እስቲ አስቡት፤ ልጅ ማናገር ከባድ ሥራ ነው። ምን ትወዳለህ ብትለው ይነግርሃል። ስለ አንድ ጉንዳን ግማሽ ሰዓት ሊያወራህ ይችላል። አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ መስማት ሊኖርብህ ነው። አባቶቻችን ይሄን አውቀው ሦስት ጥያቄ ብቻ አወረሱን። ስምህ ማነው፣ ስንተኛ ክፍል ነህ፣ ስንተኛ ወጣህ። አለቀ። ልጁ ወደ ጨዋታው፣ አንተ ወደ ቢራህ።

ደግሞ ጥያቄው ምን ያህል ትውልድ እንዳነጸ ከወላጆች ታያላችሁ። እኔ በሕይወቴ 17ኛ የወጣ ወላጅ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንድም። የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ ከአንድ እስከ ሦስት ነበሩ። የታክሲው ሾፌር ሁለተኛ ነበር። በሠፈራችን ጸብ የሚያነሳው ሰውዬ እንኳ ሲሰክር «እኔ እኮ አንደኛ እወጣ ነበር!» ይላል። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባና ሰማንያ ሆነን ነበር የምንማረው። ሦስቱ እኛ ነን። የቀሩት ሰባ ምናምን ልጆች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ተሰደው ይሆናል።

ካርድህን አሳየኝ ስትለው ደግሞ የሁሉም ካርድ ጠፍቷል። አይጥ በልቶታል። የእኔንም አይጥ ነው የበላው። በዚህ ሀገር ያሉ አይጦች ምን ያህል ቀለም እንደጠገቡ እግዜር ይወቀው።

ወደ ልጄ ልመለስ። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ላይ «ዩኬጂ ደረጃ አይሰጥም» ብሎን ነበር። ወላጆች ተሰብስበን ተቃወምን። አንዱ አባት ተነስቶ «ታዲያ በምን እንለያቸው?» አለ። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። እውነቱን ነው። ደረጃ ከሌለ ሁሉም ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው እንዴ ክፍያው በየዓመቱ የሚጨምረው?

እናም ደረጃ ተሰጠ። የልጄ አማካይ ውጤት 97.3 ነው። 14ኛ። አንደኛ የወጡት አምስት ናቸው፤ እኩል 99.8። የአንዱ አንደኛ እናት ከወላጆች ቀን በኋላ አኩርፋ ነው የሄደችው፤ ከአራት ሰው ጋር አንደኛ መሆን ከ14ኛ አይሻልም ብላ። ያጣናትን 2.7 ፍለጋ እኔና ባለቤቴ አንድ ሌሊት ደብተር ስናገላብጥ አነጋን። በመጨረሻ ተገኘች። ልጁ ጸሐይ ሥዕል ላይ ዓይንና አፍ ጨምሮባታል።

እዚህም ለመድረስ የተከፈለውን መስዋዕትነት አታውቁም። ሦስት ዓመቱ ላይ ነው ለናርሰሪ የመግቢያ ፈተና የተፈተነው። ሕጉ አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ይላል፤ እኛ ግን ሕግ እስኪደርስ ልጅ አናባክንም። ለምዝገባው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈናል። ፈታኟ መምህርት የላም ሥዕል አሳየችው። ልጄ ደስ ብሎት «ላም!» አለ። ዝም ብትለው «ወተት ትሰጣለች» ብሎ ጨመረላት። ሁለት ስህተት በአንድ ትንፋሽ። መልሱ «ካው» ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ፋሲካን እናቴ ዘንድ ገጠር ይዤው ሄጄ እውነተኛ ላም አሳይቼዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ያቺን ላም ከጭንቅላቱ ስናስወጣ ከረምን። በመስከረም ከሌላ ትምህርት ቤት «ካው» ብሎ ገባ። አሁን ላም ሲያይ አይነካም፤ ስሟን ብቻ ይናገራል።

ድሮ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉ ነበር። ምን ዓይነት ግድየለሽነት ነው! የእኔ ልጅ በአስጠኚ ነው የሚያድገው። የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ተቀጥሮለታል። ካልኩለስ የሚችል ልጅ «ኦ»ን እንዴት አክብበህ እንደምትጽፍ ያስረዳዋል። አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ስገባ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አስጠኚው በሰዓት እየተከፈለው፣ ልጄ በነጻ። የቀሰቀስኩት ልጄን ነው።

ከዚያ ደግሞ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ አለ። ክፍሉ ውስጥ 42 ልጆች አሉ፤ ግሩፑ ውስጥ 80 ወላጅ። እውነተኛው ክፍል ይሄኛው ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንዷ «እባካችሁ ገጽ 31 ላይ ያለው ዝሆን የሚቆጠር ነው ወይስ ቀለም የሚቀባ?» ትላለች። የሚቆጠር ነው የሚሉና የሚቀባ ነው የሚሉ ይከፈላሉ። አንድ አባት «ሁለቱንም አድርጉ፣ ለጥንቃቄ» ይላል። አምስት ሰዓት ላይ ሌላ አባት ቀብቶ የጨረሰውን ዝሆን ፎቶ ይለጥፋል። ጥላ ሁሉ አለው። ሰውዬው አርክቴክት ነው። እኔም ቢሆን ልጄን አስተኝቼ እስከ ስድስት ሰዓት ቀባሁ። ዝሆኔ 8 ከ10 አገኘ። ሳምንት ሙሉ ነው የከነከነኝ። መምህርቷን ላናግራት ስል ባለቤቴ ናት የያዘችኝ።

ልጆቹ ግን የድካማቸውን ዋጋ አላጡም። በሰኔ መጨረሻ በጥቁር ገዋንና ባለመነሳንስ ቆብ ተመርቀዋል። ልጄ ገዋኑ እየጠለፈው መድረክ ላይ ወጣ። «ዶክተር!» ብለን ጮኽንለት። ዶክተሮቻችን በ2017 ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሲጮኹ ሰምተናል፤ የእኛ ጩኸት ግን ስለሚበልጥ አላስደነገጠንም። ኬክ ተቆረሰ። ልጁ ማንበብ ገና ነው፤ ምሩቅ ግን ሆኗል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ የታወቀ ነው። ስድስተኛ ክፍል ፈተና አለ። ስምንተኛ ሚኒስትሪ አለ። 11ኛ ክፍል ላይ ደግሞ በጎችና ፍየሎች ይለያሉ፤ ናቹራልና ሶሻል። የእኛ ሰው ልጁ ናቹራል ከገባ በስልክ ይደውልልሃል። ሶሻል ከገባ አይደውልም። አንተ ከሰማህ ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ሶሻል ሆነ አሉ?» ትላለህ፣ ጨረር ሊሰጠው ነው አሉ እንደሚባለው። አንድ ዘመዴ ታሪክ የሚወድ ልጅ ነበረው። አድዋን ስትጠይቀው ከነመልክዓ ምድሩ ያወርድልሃል። ሁላችንም ተረባርበን ከዚያ ሱስ አወጣነው። አሁን ናቹራል ነው። ፊዚክስ አይገባውም፤ አድዋንም አያነሳም።

ከዚያ 12ኛ ክፍል ትመጣለች። ለዚች ፈተና ሀገር ያልከፈለው ዋጋ የለም። በ2008 ፈተናው ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለጥፎ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሀገር ሙሉ እንደ ሻማ እፍ ሲባል አይተናል። የ2014 ተፈታኞች ደግሞ ሻንጣቸውን ሸክፈው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። እናቶች አውቶብስ በር ላይ በሶና ዳቦ ቆሎ እያቀበሉ አለቀሱ። ለብዙዎቹ ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገቡበት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሳምንት ሆነ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ። 2016 ላይ 5.4፣ 2017 ላይ 8.4 በመቶ ደረስን። በዚህ አያያዝ የልጅ ልጆቼ ያልፋሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሀገር ሙሉ በየካርዱ 97 እና 98 ሲታደል ከርሞ 50 ከየት ጠፋ? ያ ሁሉ አንደኛ የት ገባ? ምቀኞች ችግሩ ሽምደዳው ነው፣ ኩረጃው ነው፣ የተቆለለው ማርክ ነው ይላሉ። መጽሐፍ ሳይደርሰው፣ ላብራቶሪን በስም ብቻ እየሰማ 12ኛ የደረሰ የገጠር ልጅስ ይላሉ። አስጠኚ የሌለው፣ ዝሆን የሚቀባለት አባት የሌለው። እኛ ግን በግሩፓችን ጉዳዩን በአንድ መስመር ዘጋነው። አንዱ «የወደቀው የእኛ ልጅ አይደለም፤ የሰው ልጅ ነው» ብሎ ጻፈ። ሃያ ሰው የአውራ ጣት ምልክት አደረገለት። አማርኛችን አንዳንዴ ጉድ ታፈላለች።

እንግዲህ እንዲህ በሥርዓት ተኮትኩቶ በሚያድግ ልጅ ላይ ነው እናቴ በሐምሌ ከገጠር የመጣችብኝ። ፊደል አልቆጠረችም። ልጄ ሮጦ ሲመጣ እቅፍ አድርጋ ሳመችውና «በልተሃል ወይ የኔ ጌታ?» አለችው። በልቻለሁ አላት። «ላሟ እኮ ወለደች» አለችው። ጥጃዋ ምን ዓይነት እንደሆነች ነገረችው። ቡሬ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ልጄ ቆሞ ይጠብቃል። ሦስተኛው ጥያቄ አልመጣም። ትንሽ ቆየና ራሱ አቀረበላት።

«አያቴ፣ እኔ 14ኛ ወጣሁ።»

«ከስንት?»

ማንም ጠይቆት አያውቅም። ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። «ከ42» አልኩላት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እናቴ በጣቷ ቆጠረች። ቡና ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ሒሳቧ ፈጣን ነው። «28ቱን ትቶ ሄደ በሉኛ!» አለችና ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። እልልታ ስላችሁ የገጠር እልልታ ነው፤ ማዶ ላለ ተራራ የተሠራ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። «እማዬ፣ ኧረ በማርያም፣ ሰው ይሰማል!» አልኳት። ጭራሽ ደገመችው። ልጄም አብሯት ይዘላል።

በሩ ተንኳኳ። የአንዱ አንደኛ እናት ናት፤ ፊት ለፊታችን ነው የምትኖረው።

«ምንድነው እልልታው? ደረጃው ተስተካከለ እንዴ?» አለችኝ፣ ፊቷ ጥቁር ብሎ።

«ኧረ አይደለም» አልኳት። «ውኃ መጥቶ ነው።»

ባልዲዋን ልታመጣ ሮጠች።