የሲየራ ብላንካው ቲኬት ኢንተርኔት ላይ የለም

ስምና የትውልድ ቀን አስገቡ፣ በጥቂት ዶላር የማንንም ሰው ሙሉ የወንጀል ታሪክ እናወጣለን የሚሉ ድረ ገጾች አሜሪካ ውስጥ ሞልተዋል። የእኛም ሰው ይከፍላቸዋል። አንዱ ሥራ ሊቀጠር ሲል ራሱን ይፈትሻል፤ ሌላው የሲቲዝንሺፕ ፎርም ሊሞላ ሲል። ችግሩ የሚመጣው «ምንም አልተገኘም» ሲባል ነው። ሰውዬው «ንጹህ ነኝ» ብሎ ያነበዋል። የድረ ገጹ መልስ ግን «እኛ ጋ የለም» ከማለት አያልፍም። ጉዳዩ የተፈጠረው ገጠር ካውንቲ ውስጥ ከሆነ ደግሞ እነሱ ጋ ባይኖር አይገርምም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መዝገብ የሚጠየቀው ጉዳዩ የታየበት ፍርድ ቤት ነው። ይህንን ሳያደርግ የኢሚግሬሽን ፎርም ላይ የሚፈርም ሰው፣ ጥፋቱ ኢምንት ቢሆንም፣ ራሱን አደጋ ላይ እየጣለ ነው።

ቴክሳስን እንውሰድ። ዳላስና ሂውስተን ውስጥ ሐበሻ ብዙ ነው፤ በትራክ የሚተዳደረውም ጥቂት አይደለም። ከካሊፎርኒያ ወይም ከአሪዞና ጭኖ በአይ-10 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚመጣ ሾፌር ኤል ፓሶን እንዳለፈ ሃድስፔት ካውንቲ ይገባል። ካውንቲው ከ11 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። በ2020 ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ግን 3,200 ገደማ ነው። ዋና ከተማው ሲየራ ብላንካ ትባላለች። ከከተማዋ ጥቂት ማይሎች ቀደም ብሎ የድንበር ጠባቂዎች የፍተሻ ጣቢያ አለ። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መኪና ሁሉ ይቆማል፤ ውሻም ያሸተዋል። ዊሊ ኔልሰን በ2010፣ ስኑፕ ዶግና ፊዮና አፕል በ2012 የተያዙት እዚሁ ነው። ለዘፋኞቹ የሳምንት ወሬ ሆኖ አለፈ። ግሪን ካርድ ይዞ ለሚነዳ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አያልፍም።

የተገኘው ነገር ትንሽ ከሆነ ጉዳዩ ለካውንቲው ሸሪፍ ሊተላለፍ ይችላል። ክሱም አንዳንዴ ዝቅ ይላል። ማሪዋና መያዝ የነበረው የማጨሻ ዕቃ መያዝ ይሆናል። ያ በቴክሳስ ክላስ ሲ የሚባለው ዝቅተኛው ጥፋት ነው፤ ቅጣቱ ቢበዛ 500 ዶላር ሲሆን እስር የለውም። ሾፌሩ ይከፍላል፣ ሎዱን ያደርሳል፣ ነገሩን ይረሳል። ከዓመታት በኋላ ሰው ሲጠይቀው «ቲኬት ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፣ ለእሱ ቲኬት ነበር።

ያ ቲኬት አሁን የት ነው ያለው? ቴክሳስ 254 ካውንቲዎች አሏት። መዝገቡ እንደ ክሱ ክብደት በተለያየ ቢሮ ይቀመጣል። ፈለኒ የሚባለው ከባድ ወንጀል ዲስትሪክት ክለርክ በሚባለው የፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ ይያዛል። ካውንቲ እስር ቤት ሊያስገቡ የሚችሉት ክላስ ኤ እና ክላስ ቢ በካውንቲ ክለርክ። ክላስ ሲና የትራፊክ ቲኬት ደግሞ ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ በሚባለው ትንሽ ፍርድ ቤት ይቀራል። ሰዉ በአጭሩ ጄ ፒ ይለዋል። ከተማ ውስጥ የተሰጠ ቲኬት ከሆነ የማዘጋጃ ቤቱ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል።

የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ሕዝባቸው ከ8,000 በታች የሆኑ ካውንቲዎች የሁለቱን ክለርኮች ሥራ ለአንድ ሰው እንዲሰጡ ይፈቅዳል። ስለዚህ በትንሽ ካውንቲ ፈለኒውንም ክላስ ኤ እና ቢውንም አንድ ስልክ ይሸፍናል። ጄ ፒውን ግን አይሸፍንም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ክለርኳ ጋ ይደውላል፣ «በዚህ ስም ምንም የለም» ትለዋለች፣ አመስግኖ ይዘጋል። እሷ አልዋሸችም። የእሱ ፋይል ያለው ጄ ፒ ቢሮ ነው፤ ቢሮው ምናልባትም ሌላ መንደር ውስጥ ነው።

ስቴቱስ? ዲ ፒ ኤስ የሚባለው የቴክሳስ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የከፈተው የወንጀል መዝገብ መፈለጊያ አለው። ከግል ድረ ገጾቹ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን የሚሰበስበው ከክላስ ቢ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ነው። ለሕዝብ የሚያሳየውም ጥፋተኛ የተባሉበትንና ዲፈርድ አጁዲኬሽን (ዳኛው ፍርዱን የሚያቆይበት ውሳኔ) የተሰጠበትን ነው። የሲየራ ብላንካው ክላስ ሲ እዚያ ይታያል ብላችሁ አትጠብቁ።

ኤፍ ቢ አይ በ18 ዶላር የራስን መዝገብ ይሰጣል። ፍለጋው በአሻራ ስለሆነ የስም መመሳሰል አያደናግረውም። ግን ቲኬት ተቀብሎ አሻራ ሳይሰጥ የሄደ ሰው እዚያም የለም። አሻራ የሰጠም ቢሆን ጉዳዩ የት እንደደረሰ ላይጻፍ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2006 ባወጣው ሪፖርት፣ በአገር አቀፉ ሥርዓት ካሉት የእስር መዝገቦች የመጨረሻ ውሳኔ የተጻፈባቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ክሱ ተሰርዞ ወደ ቤቱ የገባ ሰው በወረቀት ላይ ግን «ተይዟል» እንደተባለ ይኖራል። ይህንን ባዶ ቦታ የሚሞላው የካውንቲው ወረቀት ነው።

እንግዲህ እንዴት ይጠየቃል? መጀመሪያ ካውንቲውን እወቁ። ሾፌር የቆመበትን ከተማ እንጂ ካውንቲውን አያስታውስም። ቲኬቱ ከጠፋ የከፈላችሁበትን የባንክ ስቴትመንት ወይም የመኒ ኦርደር ደረሰኝ ፈልጉ፤ የተቀባዩ ስም ፍርድ ቤቱን ይናገራል። ከዚያ ደውሉ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ካውንቲ የምወደው ለዚህ ነው፤ ዳላስ ላይ «አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ» ሲባል ትውላለህ፣ እዚያ ግን ሰው ያነሳዋል። በስልክ ሁሉን አይነግሯችሁም። ጥያቄው በጽሑፍ ይላክ ይሏችኋል፣ ከክፍያና ከመታወቂያ ኮፒ ጋር። አንዳንዱ ክሬዲት ካርድ አይቀበልም፤ መኒ ኦርደር ነው። የኮፒው ዋጋ ብዙውን ጊዜ በገጽ 1 ዶላር ነው። ማህተም ሲጨመርበት ጥቂት ዶላር ይጨምራል።

ደብዳቤው ውስጥ ስማችሁን በምታውቁት አጻጻፍ ሁሉ ዘርዝሩ። የእኛ ስም ለእነሱ ሥርዓት አልተሠራም። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይመዘገባል፣ የአያት ስም አንዳንዴ ይገባል አንዳንዴ ይቀራል። ፖሊሱ በሌሊት በባትሪ መብራት እያነበበ አንድ ፊደል ቢሳሳት ፋይሉ በተሳሳተው ስም ይኖራል። በመንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን፣ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን፣ ሰው የሚሳሳተውንም ጻፉ። የትውልድ ቀን፣ የተያዛችሁበት ዓመት፣ የመዝገብ ቁጥር ካለ እሱንም።

የምትጠይቁትም ነገር በስሙ ይጠራ። «ሪከርዴን ላኩልኝ» ካላችሁ ማንኛውንም ወረቀት ይልካሉ። ሰርተፋይድ ዲስፖዚሽን በሉ፤ ጉዳዩ በምን እንዳለቀ የሚገልጽ፣ የፍርድ ቤቱ ማህተም ያለበት ኮፒ ማለት ነው። የክሱን ወረቀትም አብራችሁ ጠይቁ፤ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያየው የተከሰሳችሁበትን የሕግ ቁጥር ነው። ፍርድ ቤቱ ምንም ካላገኘ «ፈልገን አላገኘንም» የሚል ደብዳቤ በማህተም ይስጣችሁ።

ሁሉም ነገር ደግሞ ወደ ካውንቲ አይሄድም። የድንበር ጠባቂዎቹ የፌዴራል ሠራተኞች ናቸው፤ ጉዳዩን የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ከያዘው ሲየራ ብላንካ ምንም አታገኙም። ያኔ ፍለጋው ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ነው። ክፍያው በገጽ 10 ሳንቲም ሆኖ ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም፤ በሦስት ወር ውስጥ 30 ዶላር ካላለፈም አይጠየቅም። ጫት ይዘው ለሚጓዙም ይህን መናገር ተገቢ ነው፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የአንደኛው መደብ አደንዛዥ ዕፅ ነው። «ቅጠል ነው» የሚለው ክርክር ዳኛ ፊት አይሠራም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ፎርም «ከዚህ በፊት» እያለ ይጠይቃል፤ ተይዘህ ታውቃለህ፣ ተከሰህ ታውቃለህ፣ ቲኬት ተሰጥቶህ ያውቃል። ተራ የፍጥነት ቲኬት አያስጨንቅም። አልኮል ወይም ዕፅ ያለበት ቲኬት ግን ሌላ ነው፤ ወረቀቱ መቅረብ አለበት። ጥፋቱ ቀላል ሆኖ ሳለ «የለም» ብሎ መፈረሙ ሌላ ጥፋት ይሆናል። እዚህ ላይ በጣም የምወቅሰው ፎርም እየሞሉ ገንዘብ የሚቀበሉትን የእኛኑ ሰዎች ነው። «አይ» የሚለውን ሳጥን ከላይ እስከ ታች ምልክት እያደረጉ ይወርዳሉ። ጠበቃ አይደሉም፣ ኢንተርቪው ቀንም አብረው አይቀመጡም።

ከሁሉ የከፋው ዲፈርድ አጁዲኬሽን ነው። በቴክሳስ ዳኛው ጥፋተኝነቱን ተቀብሎ ፍርዱን ያቆየዋል፤ ፕሮቤሽኑን፣ ማለትም የክትትል ጊዜውን፣ በሰላም ከጨረስክ ክሱ ይሰረዛል። ጠበቃውም «ኮንቪክሽን (የጥፋተኝነት ፍርድ) የለብህም» ይላል። በቴክሳስ ሕግ ልክ ነው። ከ1996 ጀምሮ ያለው የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋቱን አምነህ ዳኛው ፕሮቤሽን የመሰለ ቅጣት ከጣለብህ ጥፋተኛ እንደተባልክ ይቆጥረዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲላ ጉዳይ ተከላካይ ጠበቃ ይህን ዓይነቱን መዘዝ ለደንበኛው መንገር እንዳለበት ወስኗል። ጄ ፒ ፊት ለክላስ ሲ ግን ብዙውን ጊዜ ጠበቃ የሚባል ሰው አጠገብህ የለም። ማንም አይነግርህም።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ቴክሳስ አንዳንድ መዝገቦችን እንዲሰረዙ ወይም ከሕዝብ ዓይን እንዲሸሸጉ ትፈቅዳለች። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ፎርሙ የተሰረዘውንም ይጠይቃል። ሰውዬው መዝገቡን ካስጠፋ በኋላ ወረቀት አምጣ ሲባል ከየት ያምጣው? ሰርተፋይድ ኮፒውን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ከዚያ አስሰርዙ። ከሁለቱም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያየው።

በሥራ በኩል ሕጉ ትንሽ ይረዳል። ቀጣሪ በባክግራውንድ ቼክ ምክንያት ከከለከላችሁ የትኛው ድርጅት ሪፖርቱን እንዳዘጋጀ መንገር አለበት፤ በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቃችሁ ኮፒው በነፃ ነው። ስሕተት ካለበት ተቃውማችሁ ጻፉ፤ እንደ ደንቡ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት ግዴታቸው ነው። የእኛ ሰው የሚጎዳው በስም መመሳሰል ነው። በስደት የመጣ ብዙ ሰው የትውልድ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስም የሚጋሩ ሁለት ሰዎች የትውልድ ቀንም ሲጋሩ ኮምፒውተሩ አንድ ያደርጋቸዋል። የሌላውን ሰው ኬዝ ከላያችሁ የሚያወርደው ፋይሉ ካለበት ካውንቲ የመጣ ወረቀት ነው።

የሌላ ሰው መዝገብ መፈለግስ? የፍርድ ቤት ፋይል በመሠረቱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ልጇን የሚያገባውን ሰው የምታጣራ እናት አልፈርድባትም። ግን ክስ ተገኘ ማለት ጥፋት ተገኘ ማለት አይደለም። መጨረሻውን ሳያነቡ የክሱን ገጽ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ነውር ነው፤ ይህ ሲሆን ደግሞ አይተናል።

ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና ማኅበራቱ የሲቲዝንሺፕ ክፍል ያዘጋጃሉ። የፈተናውን የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎች ያስጠናሉ። ከዚያው ላይ አንድ ሰዓት ወስደው ለክለርክ የሚላከውን ደብዳቤ ቢያጽፉ ምን ነበረበት? አንድ ገጽ ናሙና በቂ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ስልኩ ላይ ሲያመነታ አጠገቡ የሚቀመጥ ወጣት ይመደብ።

እንዲያውም ባይዘገይ ይሻላል። ትናንሽ ፍርድ ቤቶች የአነስተኛ ጥፋት ፋይሎችን የማቆያ ጊዜያቸው ሲያልፍ ማስወገድ ይችላሉ። ያኔ ጥፋቱ አይጠፋም፤ በምን እንዳለቀ የሚያሳየው ወረቀት ነው የሚጠፋው። ይህ ከደረሰባችሁ ፋይሉ እንደተወገደ የሚገልጽ ደብዳቤ በማህተም ጠይቁና ለጠበቃው ስጡት።