ዳንሰኛዋ ምን አጠፋች?

«ቅዱሱ ተራራ» እ.ኤ.አ. በ1926 በርሊን ላይ ለሕዝብ የቀረበ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጀርመናዊው አርኖልድ ፋንክ ነው። ዲዮቲማ የምትባል ዳንሰኛ አለች። ካርልና ቪጎ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ይወዷታል። ሁለቱም ተራራ ወጪዎች ናቸው። አንዱ ግን የሌላውን ልብ አያውቅም።

ፊልሙ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ በረዶው ነው። እውነትም ያምራል። የውጪው ቀረጻ እዚያው አልፕስ ተራሮች ላይ የተሠራ ነው። ሌሊት ችቦ ይዘው በስኪ የሚንሸራተቱበት ትዕይንት ዛሬም አፍ ያስይዛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዲዮቲማ ያለ ጥፋቷ ጥፋተኛ ሆናለች።

እስቲ ያደረገችውን እንይ። የምትወደው ካርልን ነው። ቪጎ ገና ልጅ እግር ነው። የስኪ ውድድር አሸንፎ በደስታ ይመጣና ጭኗ ላይ ይደፋል። እሷም ፀጉሩን ትዳብሰዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው! ካርል ከሩቅ ያያል። ወንዱ ማን እንደሆነ እንኳ አልለየም፤ ግን ተከዳሁ ብሎ ደመደመ። ምነው አንዴ ቢጠይቃት? አልጠየቃትም። ቪጎን ይዞ በክረምት ወደ ሰሜኑ ገደል ወጣ። እዚያ ተቀናቃኙ ቪጎ መሆኑን ሲያውቅ በቁጣ ተራመደበት። ቪጎ ወደ ኋላ ሲል ገደል ገባ። ካርል ገመዱን ይዞ አደረ። ሁለቱም ሞቱ።

ፊልሙ የሚዘጋው ይህን ታማኝነት በማወደስ ነው። ገመዱን አለመልቀቁ ልብ ይነካል፣ አልክድም። ግን ጓደኛውን እዚያ አፋፍ ላይ ያደረሰው ማን ሆነና?

ዲዮቲማን የተጫወተችው ሌኒ ሪፈንሽታል ናት። እሷም ዳንሰኛ ነበረች፤ ጉልበቷ ሲጎዳ ነው ወደ ፊልም የዞረችው። በኋላ የናዚዎችን ጉባኤ ቀርፃ ሂትለርን አገነነች። ሲግፍሪድ ክራካወር የተባለው ሃያሲ በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተራራ ፊልሞች የጀግንነት አምልኮ ከናዚ መንፈስ ጋር ይዛመዳል ብሏል። እዚህ ፊልም ላይ እስማማለሁ። ሳይጠይቅ የፈረደ፣ ፈርዶም የሞተ ሰው እንደ ጀግና ተቀብሯል።

በዚያች ሌሊት ሰው ለማዳን የሮጠችውስ? ዲዮቲማ ናት። በማዕበሉ መሃል በስኪ ተጉዛ፣ ተራራው ላይ ካለው ጎጆ ነፍስ አድን ሰዎችን ያስነሳችው እሷ ናት። ውዳሴው የሚገባት ለእሷ ነበር።