ሚስት ወራሽ አይደለችም፤ ግማሹ ግን የእሷ ነው

ወላጅ ሳይናዘዝ ሲሞት ልጆች የሚካሰሱት በስስት ነው ይባላል። ስስት አይጠፋም፤ ብዙው ክርክር ግን የሚነሳው የሚከፈለው ሀብት የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ክፍፍል ስለሚጀመር ነው። እህሉ ሳይበራይ ቁና ይዞ አውድማ መቅረብ ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ማን እንደሚወርስ በደረጃ አስቀምጧል። ልጆች ይቀድማሉ፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ከጋብቻ ውጪ የተወለደ፣ በጉዲፈቻ የመጣ፣ ወንድ ወይም ሴት ብሎ ልዩነት የለም። ከወላጁ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ድርሻውን ልጆቹ በምትክነት ይወስዳሉ። ሟች ተወላጅ ከሌለው ውርሱ ለእናትና ለአባቱ እኩል ይደርሳል፤ ከሁለቱ አንዱ በሕይወት ከሌለ ያ ድርሻ ወደ ሟች ወንድሞችና እህቶች ይወርዳል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባልና ሚስት የሉም። ሚስት የምታገኘው ከውርስ ሳይሆን ከጋብቻው ነው፤ የጋራ ሀብቱ ግማሽ ድሮም የራሷ ነበር። ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ቤቱን በሙሉ «የአባታችን ውርስ» ይሉታል፤ እናት ደግሞ በሙሉ የእኔ ነው ትላለች። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በቁጥር እንየው። የጋራ የሆነ 6,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት አለ፤ የትዳሩ የጋራ ዕዳ ደግሞ 600,000 ብር ነው። መጀመሪያ ዕዳው ይቀነሳል፤ 5,400,000 ይቀራል። ግማሹ፣ 2,700,000፣ የሚስት ነው። ውርስ የሚባለው ቀሪው 2,700,000 ብቻ ነው። ልጆቹ ሦስት ከሆኑ ለእያንዳንዱ 900,000 ይደርሳል፤ አንደኛው ሁለት ልጆች ትቶ ቀድሞ ሞቶ ከሆነ እነሱ 450,000 ብር እያንዳንዳቸው ይወስዳሉ። ልጅ ባይኖርስ? ሟች ያን ግማሽ የሚያወርሰው ለወላጆቹ ነው፤ ሚስትየው ሃያ ዓመት የኖረችበትን ቤት ከአማቶቿ ጋር ትካፈላለች። ይህ የሕጉ ደካማ ጎን ነው፤ መሻሻል አለበት ባይ ነኝ።

ከውርሱ ላይ የሚከፈለውም ቅደም ተከተል አለው፤ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የማጣሪያ ወጪ (የሟችን ንብረትና ዕዳ ለይቶ ለማወቅ የሚወጣው)፣ ከዚያ የሟች ዕዳ። ለተዝካር የወጣው ግን እንደ ቀብር ወጪ አይቆጠርም። ድግሱን የደገሰው ልጅ ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ ጠቡ ይከርራል፤ ስለዚህ ከድግሱ በፊት ማን ምን እንደሚያዋጣ መነጋገር ይሻላል። ተጠቃሚው በስም የተጠቀሰበት የሕይወት መድን ክፍያም ሆነ ለቤተሰብ የሚከፈል ጡረታ የውርስ ሀብት ውስጥ አይገባም።

ሌላው የጠብ ምንጭ የወራሽነት ማስረጃው ነው። አንዱ ልጅ የሞት ማስረጃና ምስክር ይዞ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያሉትን ወንድሞቹን ሳይጠቅስ «ብቸኛ ወራሽ» ተብሎ ይወጣል። በዚያው ወረቀት ካርታውን ወደ ስሙ ያዞራል፤ ቤቱን ይሸጣል። ማስረጃው የሚያረጋግጠው ወራሽነትን እንጂ የንብረት ባለቤትነትን አይደለም፤ የቀረው ወራሽም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል። ዝም ብሎ መቆየት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ውርሱን ከያዘው ሰው ላይ የሚቀርብ የወራሽነት ክስ፣ ከሳሹ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ በ3 ዓመት ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። «ሐዘኑ ይብረድ» እየተባለ የሚገፋው ጊዜ እየተቆጠረ ነው።

በእኔ እምነት ከአርባው ማግስት ወራሾች በአንድ አጣሪ ተስማምተው ንብረትና ዕዳ በዝርዝር ማስመዝገብ አለባቸው። ካልተስማሙ ፍርድ ቤት አጣሪ ይሾማል። የአጣሪው ሪፖርት ሲመጣ የጎደለ ንብረት ካለ መቃወሚያው ያኔውኑ ይቅረብ። የገጠር መሬት ይዞታ በመሬት ሕጎች የሚመራ ስለሆነ ይህ ስሌት አይሠራለትም። ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከቀረቡም ድርሻው ይለያል።

ኑዛዜ ለመጻፍ ያሰበ ሰው ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። በራስ እጅ የሚጻፈው ምስክር አይፈልግም፤ ግን ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን መግለጽ፣ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ከተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል፤ ሳጥን ውስጥ የተረሳ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው።