ለጥቂት ነጥብ ሲባል አጥር መዝለል

ባለፈው ሐምሌ እዚህ ጀርመን አገር፣ ከምኖርበት ከተማ ብዙም በማትርቅ አንዲት የሣር ሜዳ ላይ የግላይደር ውድድር ነበርና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። በገመድ ተጎትቶ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ቄራ ሰማይ ላይ ክንፉን ሳያራግብ እንደሚዞረው አሞራ፣ ከመሬት በሚነሳው ሞቃት አየር ላይ እየዞረ ከፍታ ያጠራቅማል። ያጠራቀመውን ወደፊት እየተንሸራተተ ይመነዝረዋል። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት አራት መቶ ኪሎ ሜትር ዞረው ወደ ተነሱበት ይመለሳሉ፤ በፍጥነት የዞረ ያሸንፋል።

አስር ሰዓት ገደማ መመለስ ጀመሩ። የመጀመሪያው እያፏጨ፣ ለክብደት የጫነውን ውሃ ከክንፉ እየረጨ፣ ሣሩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አለፈና ሽቅብ ተወረወረ። ልጄ አጨበጨበ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመጣው ግን ፉጨትም አልነበረው። ዝግ ብሎ፣ ከዛፎቹ አናት እኩል ሆኖ መጣ፤ አጥሩን በሰው ቁመት ያህል ተሻግሮ ዘጭ አለ። አብራሪው መስታወቱን ከፍቶ ብዙ ደቂቃ እዚያው ተቀመጠ። ማንም አላጨበጨበም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያች ሜዳ አልጠፋም፤ ክንፍ ደግፌ እሮጣለሁ፣ አብራሪዎቹ ሲከራከሩም እሰማለሁ። አንዱ ክርክር ይኸው ዝቅ ብሎ መግባት ነው። የሚያስገርመኝ፣ ሁለቱን አገባቦች በአንድ ስም ጠርተው መጨቃጨቃቸው ነው። ዝቅ ብሎ ፈጥኖ የሚመጣው በእጁ ፍጥነት አለ፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ አፍንጫውን ሽቅብ ቢያቀና፣ ፍጥነቱ ወደ 100 እስኪወርድ መቶ ሜትር ያህል ይወጣል። የእሱ አደጋ ለሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ሀዝባንድስ ቦስዎርዝ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ የገባ ተወዳዳሪ ግላይደር አንድ ፎቶ አንሺ መትቶ ገድሏል። ዝቅ ብሎ ዝግ ብሎ የሚመጣው ግን ከፍታም ፍጥነትም የለውም። ዛፍ ቢጋረጥበት የሚከፍለው ከራሱ ነው።

ለመሆኑ ሰው ለምን እዚህ ውስጥ ይገባል? ሒሳቡን አንድ ሽማግሌ አብራሪ በቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ጀርባ ላይ ሠርተው አሳዩኝ። በሰከንድ 2 ሜትር በሚያወጣ አየር ላይ፣ ወደ ሜዳው ለመመለሻ መጠባበቂያ የሚሆን 100 ሜትር ለመጨመር 50 ሰከንድ ይፈጃል። የሦስት ሰዓት በረራ ላይ ያቺ 50 ሰከንድ፣ ቀኑ ከ1000 ነጥብ ሲሰላ፣ አስር ነጥብ ብትሆን ነው። ሁለት ሳምንት የተለፋበት ሻምፒዮና በጥቂት ነጥብ ሲወሰን ያየ አብራሪ ግን አስሯን አይንቃትም። «አንድ ዙር ልጨምር ወይስ ልሂድ?» ሲል ይሄዳል። ነፋሱ ከፊት ከጠነከረበት ወይም የሚወርድ አየር ካገኘው አስሯ ነጥብ ትረሳለች። አሁን ጉዳዩ ሜዳው ላይ መድረስና አለመድረስ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ሲቀረው እርሻ ላይ ያረፈ ሰው የርቀት ነጥቡን ብቻ ይዞ የፍጥነቱን በሙሉ ያጣል። በመቶዎች የሚቆጠር ነው። እርሻው ከግራ ከቀኝ ተዘርግቶ እየታየው ሰውየው ዛፉን ይመርጣል።

ለዚህ የተበጀው መላ የፍጻሜ ቀለበት ነው። ሰዓቱ ሜዳው ላይ መቆሙ ቀርቶ፣ በሜዳው ዙሪያ በተሰመረ ክብ ጠርዝ ላይ፣ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሲያልፉ ይቆማል፤ ከበረራ መዝጋቢው የጂፒኤስ መሣሪያ ይነበባል። ከ3 ኪሎ ሜትር ላይ በ150 ወይም 200 ሜትር ያለፈ ሰው ተረጋግቶ ለመግባት የሚበቃ ከፍታ አለው። ጥሩ ነው። ግን ቅጣቱ እንዴት ይሁን የሚለው ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ከተወሰነው ከፍታ አንድ ሜትር ዝቅ ያለውን «አልደረስክም» ብሎ ሁሉን መቀማት ገደል መቆፈር ነው፤ ሰውየው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ቁጥሩ ላይ ተክሎ አፍንጫውን ሽቅብ ይጎትታል፣ ከኋላው ደግሞ ሌላው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ይመጣበታል። እርግጥ ነው፣ ፍላርም የሚሉት የግጭት ማስጠንቀቂያ አለ። እሱ ይጮሃል እንጂ መሪ አይይዝም።

እኔን ቢጠይቁኝ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ ይሁን፤ ለምሳሌ ለጎደለው ሜትር ሁሉ አንድ ነጥብ። መቶ ሜትር ቆጥቦ አስር ነጥብ ሊያተርፍ ያሰበ መቶ ያጣል፣ ሁለተኛ አይሞክራትም። በአንድ ሜትር ደግሞ ማንም አይደነግጥም። ዋናው ግን ሌላ ነው፦ ቀለበቱን የነካ ሰው፣ በ60 ሜትርም ቢሆን፣ ቅጣቱን ተቀብሎ ውድድሩን ጨርሷል ይባል፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ አረፈ፣ የታጨደ ስንዴ ውስጥ አረፈ፣ ነጥቡ አይነካ። የመጨረሻው ሦስት ኪሎ ሜትር ምንም የማያስገኝ ከሆነ ዛፉን የሚመርጥበት ምክንያት አይኖርም።

ይህ ስፖርቱን ይገድለዋል የሚሉ አሉ። ተመልካች የሚያየው ያችን ፉጨት ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከደመና ሥር፣ ከዓይን ርቆ የሚካሄድ ነው። እውነታቸውን ነው፣ ልጄም ያጨበጨበው ለእሷ ነበር። ለትርኢት ከሆነ ግን ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ከአጥሩ ርቆ፣ አንድ በአንድ ቢያሳዩን ማን ይጠላል? ነጥብ አይያዝበት እንጂ።

ያን ዕለት ማታ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አጥሩን የዘለለው መሀል አካባቢ ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ከፍታው እንደማይበቃው አይቶ ከመንደሩ በታች የታጨደ ማሳ ላይ በሥርዓት ያረፈው፣ ተጎታች ይዘን ሄደን ክንፉን ፈታተን ያመጣነው ልጅ፣ ከታች ሦስተኛ ነው። ሰሌዳውን አየና ትከሻውን ነቅንቆ ድንች ሰላጣውን መብላት ቀጠለ።