ለወላጆቻችሁ ስኳር መሸከም ይብቃችሁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። የምንወዳቸውን እናቶችና አባቶች በገዛ እጃችን እየጎዳናቸው ነው። በክፋት አይደለም። በአክብሮት ነው፣ የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

አንዲት እናት ታመሙ ሲባል ምን ይዘን ነው የምንሄደው? ስኳር በኪሎ፣ የካርቶን ጁስ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ። እንጀራቸው ከማኛ ጤፍ ካልሆነ ያቀለልናቸው ይመስለናል፤ ቀይ ጤፍ ማቅረብማ እንደ ነውር ነው የሚታየው። ቁርሳቸው ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ጎመኑ፣ ባቄላው፣ ሰርገኛው ሁሉ «የድሮ ምግብ» ተብሎ ቀስ በቀስ ከገበታቸው ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ድስት ጥደው ሲረሱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱ መንገዱ ሲጠፋባቸው፣ «ጃጁ እኮ» ብለን እናልፋለን።

እባካችሁ ይህን ቃል ተዉት። ማርጀትና አእምሮን ማጣት አንድ አይደሉም። በሽታ ነው፣ የመርሳት በሽታ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ችግር ነበረባቸው፣ ከእነሱም ከ60 በመቶ በላዩ የሚኖረው እንደኛ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ያወጣው ጥናት ደግሞ 14 አባባሽ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነሱን ማስተካከል ቢቻል 45 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። የደም ግፊት አለበት፣ የስኳር በሽታ አለበት፣ ከፍ ያለ ኮሌስትሮል አለበት፣ መጠጥና ሲጋራ አለበት፣ ብቸኝነት አለበት። ምግብ ራሱን ችሎ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። ግን ግፊቱም ስኳሩም ኮሌስትሮሉም ከምንበላው ጋር እንደሚያያዙ የማያውቅ አለ?

አሁን ወደ ጎመኑ ልምጣ። ዕፅዋት ከፀሐይ፣ ከተባይና ከበሽታ ራሳቸውን ለመጠበቅ የሚያመርቷቸው ፖሊፊኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ብዙ ጊዜ የፍሬውን መቅላትና መጥቆር፣ የሻይና የቡናን መምረር፣ አፍን ጭምድድ የሚያደርገውን ጣዕም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፣ ኦክስጅኑን ግን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ የደም ሥር ሲጎዳ አንጎልም አብሮ ይጎዳል። ከፖሊፊኖሎች አንዳንዶቹ የደም ሥር ዘና እንዲልና ደም በደንብ እንዲዘዋወር ያግዛሉ። ብዙዎቹን ደግሞ አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሰባብረው ሰውነት ሊወስዳቸው ወደሚችል ነገር ይቀይሯቸዋል።

ቺካጎ ላይ የተሠራና በ2020 የወጣ ጥናት አለ። አማካይ ዕድሜያቸው 81 የሆነ 921 ሰዎችን ስድስት ዓመት ገደማ ተከታተሉ። ፍላቮኖል የሚባለውን የፖሊፊኖል ዓይነት በብዛት የሚመገቡት፣ በጥቂቱ ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች ዋናው በሆነው በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው 48 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከፍላቮኖሎቹ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ካምፕፌሮል ነው። ከየት ነው ያገኙት? ከጎመን፣ ከባቄላ ዘር፣ ከሻይ፣ ከቆስጣ መሰል ቅጠል። ይህን ሳነብ እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ጓሯችን ያለውን ንቀን የካርቶን ጁስ ነው የምንገዛው!

ቢሆንም አልዋሻችሁም። እንዲህ ያለ ጥናት ሰዎችን መከታተል እንጂ ምክንያቱን ማረጋገጥ አይችልም፤ ጎመን የሚበላ ሰው በብዛት የሚራመድ፣ የማያጨስ፣ የተማረም ሊሆን ይችላል። በ2023 የወጣ ሌላ ሙከራ 604 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ቡድን ለአንጎል ይጠቅማል በተባለ አመጋገብ ሦስት ዓመት አቆየ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ግን ጉልህ የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ «ጎመን አልዛይመርን ያድናል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እመኑኝ፣ ወይ አላነበበም ወይ ሊሸጥላችሁ ነው።

ሊሸጥላችሁ ስል፣ ውጭ አገር ያላችሁትን ላናግር። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከለንደን ስትመጡ ሻንጣችሁን «ለማስታወስ ይረዳል» በተባለ ጠርሙስ ትሞላላችሁ። ፍቅራችሁ ይገባኛል፣ ገንዘቡም በላባችሁ የመጣ ነው። ግን ይህን ስሙ። አሜሪካ ውስጥ 3,562 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2023 ውጤቱ የወጣ አንድ ሙከራ ነበር፣ ከካካዎ የወጣ ፍላቫኖል (ከላይ ካልኩት ፍላቮኖል የተለየ የፖሊፊኖል ዓይነት ነው) በቀን 500 ሚሊግራም በእንክብል ሰጡ። የማስታወስ መሻሻል የታየው በማን ላይ ነው? አመጋገባቸው ደካማ በነበረና ፍላቫኖል በጥቂቱ ያገኙ በነበሩ ሰዎች ላይ። ድሮም በደንብ ለሚበሉት ብዙም የጨመረላቸው ነገር የለም። ታዲያ የእናትህ ገበታ ከጎደለ ገበታውን ሙላ። በጠርሙሱ ዋጋ ስንት ወር ጎመን፣ ብርቱካንና ምስር ይገዛል?

እስራኤል ያሉትን ወገኖቻችንንም እዩ። ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በብዛት ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን በሽታው በረታባቸው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ የኑሮው ለውጥ ሁሉ አለበት፤ ነጩ ዳቦ፣ ጣፋጩ መጠጥና የእርሻ ሥራው መቅረትም ከሚጠቀሱት ውስጥ ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ አውሮፕላን ሳንሳፈር እዚያው መንገድ ላይ ነን።

እሺ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። ብሉቤሪ ፍለጋ ሱፐርማርኬት አትዙሩ። የጾም በያይነቱን አስቡት። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሁሉም አለበት፣ ቀይ ሽንኩርቱ ደግሞ ኬርሰቲን በሚባል ፖሊፊኖል የታወቀ ነው። ችግራችን ጾሙ ሲፈታ ጎመኑም አብሮ መፈታቱ ነው። ፋሲካ ከዋለ በኋላ ጎመን ያየ ገበታ ስንት ነው? በፍስኩም ከሥጋው ጎን ይቀመጥላቸው። ጎመኑን ቀቅላችሁ ውኃውን አትድፉት፣ ብዙ ነገር አብሮ ይሄዳል፤ በትንሽ ውኃ አብስሉት፣ መረቁ እዚያው ይመጠጥ። ጥርስ ለሌላቸው አድቅቃችሁ ክተፉት። ጤፉን ቀስ በቀስ ወደ ሰርገኛ፣ ከዚያ ወደ ቀይ ውሰዱት፣ በጥቅሉ ቀዩ ከነጩ ይልቅ በፖሊፊኖል የበለጸገ ነው። ፍራፍሬ ስትወስዱ ፍሬውን ውሰዱ፣ ጁሱን አይደለም። ብርቱካን ልጣችሁ አቅርቡላቸው፣ ሮማን ከተገኘም እሰየው። እንጆሪ ደጋ ላይ በዱር ይበቅላል፣ የገጠር ልጅ ያውቀዋል፤ ከተማ ውስጥ ግን ዋጋው አይቀመስም፣ እሱ ባይገኝ አትዘኑ።

ቡናውስ? ቡና ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ፖሊፊኖል በብዛት አለው፣ ፍሬው ጥቁር እስኪል ከተቆላ ግን አብዛኛው ይጠፋል። መካከለኛ አድርጋችሁ ቁሉት። ስኳሩን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ፣ ባንዴ ከከለከላችኋቸው ተጣልተው ይመልሱታል። የጀበና ቡና በወረቀት ስለማይጠለል በቅባቱ ኮሌስትሮልን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ስለዚህ ኮሌስትሮል ያለባቸው ቢያንስ አንዳንዱን ስኒ በወረቀት አጥልለው ይጠጡ። ሌላም አለ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል፣ የደም ማነስ ያለባት እናት ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይታ ብትጠጣ ይሻላል። ጠጅና ቀይ ወይን ደግሞ ሰበብ አይሁኑ። «ወይን ለአንጎል ጥሩ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። ፖሊፊኖሉን ከወይን ፍሬው ማግኘት ይቻላል፣ አልኮሉን በብዛት መጠጣት ግን ከላይ ባልኩት የላንሴት ዝርዝር ውስጥ አለ።

ብቻቸውን ከሚበሉ ደግሞ አብራችሁ ብሉ። ብቸኝነት ዝርዝሩ ላይ አለ ብያችኋለሁ፣ ልጅ ስልክ ላይ ተደፍቶ ሳህን ገፋ እያደረገ ያቀረበው ጎመን ብቸኝነትን አያስታግስም። ቅዳሜ ወይም እሁድ ሄዳችሁ አብራችሁ ቁረሱ፣ አጉርሷቸው፣ ያጉርሷችሁ።

ልብ በሉ፣ ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ካሉ ጎመኑን ድንገት አታብዙባቸው፣ ቫይታሚን ኬ ስላለበት መድኃኒቱን ያዳክመዋል፤ መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ወስናችሁ በዚያው ጽኑ። የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት በምግብ ተክተን እናቁም የሚል ወሬ ከሰማችሁ አትስሙት። መርሳቱ ከጀመረ ደግሞ በጎመን አትጠብቁት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር ወይም ድብርት ራሱ መርሳትን ሊያመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም በሕክምና ይሻሻላል። ድንገት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ግራ ከተጋቡ፣ ሰው ማወቅ ካቃታቸው፣ ኢንፌክሽን ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት አድርሷቸው። በዕለቱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከውጭ የመጣውን ጠርሙስ ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሄዳችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።